የስልክ ደንበኛነት ለአክሲዮን ግዢ ውሳኔ ምን ያህል ይጠቅማል?

በኢትዮጵያ አክሲዮን መግዛት አዲስ ነገር አይደለም። የግል ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አክሲዮኖቻቸውን ለሕዝብ ሲሸጡ ቆይተዋል። ሆኖም ገዢው ውሳኔውን ያሳልፍ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ የመሥራቾቹን ስም በመስማት ወይም የዘመድንና የሥራ ባልደረባን ምክር በመከተል ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ከጠቅላላ አክሲዮኖቹ 10 በመቶውን ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ ሲያቀርብ ግን ለውሳኔው ሌላ ምክንያት ተጨመረ። አሁን ለሽያጭ የቀረበው ድርሻ ገዢው ማለዳ ከእንቅልፉ ሲነቃ አስቀድሞ ከሚያነሳው ዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። "ድርጅቱን አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ እገለገልበታለሁ፤ ገንዘቤንም በየሳምንቱ እከፍለዋለሁ፤ ታዲያ ባለድርሻ ብሆን ምን ይከፋል?" የሚል ሐሳብ ወደ አእምሮ መምጣቱ ተፈጥሯዊ ነው።

ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። አንድ ደንበኛ በዕለት ተዕለት አጠቃቀሙ የሚያገኘው ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት የሚያነብ ባለሙያ ዘግይቶ የሚደርስበት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት የሚያቆምበት ድንበር አለው። ደንበኛው የሚያውቀው አገልግሎቱን ሲሆን የሚገዛው ግን ከአገልግሎቱ ወጪ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ ላይ ያለውን መብት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማስረዳት ነው።

ርቀቱን ማወቅ የሚያስፈልገው የገንዘቡ መጠን ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ስላልሆነ ነው። በተጠቀሰው ሽያጭ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው በ300 ብር ዋጋ ቀርበዋል። አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9 ሺህ 900 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ 3 ሺህ 333 አክሲዮን፣ ማለትም 999 ሺህ 900 ብር ነበር። ግዢው በቴሌብር የሚፈጸም ሲሆን፣ መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን የተባለው ጊዜ እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም ተራዝሟል። በመጨረሻም ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮኖችን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተዋል። ለአነስተኛ ገዢ 9 ሺህ 900 ብር የወር ደመወዝ ወይም ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "አውቀዋለሁ" የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም መመርመር ይገባል።

የሐሳቡ መነሻ

የሚያውቁትን ድርጅት አክሲዮን መግዛት የሚለውን ምክር በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የገንዘብ ባለሙያ ፒተር ሊንች ነው። ሊንች እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1990 ማጄላን የተባለውን የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ በመምራት ከፍተኛ ውጤት አስመዝግቧል። በ1989 ባሳተመው መጽሐፍም ተራ ሰው በገበያ አዳራሽ፣ በሥራ ቦታና በቤቱ የሚያየው ነገር ጥሩ ኩባንያ ለማግኘት እንደሚረዳው አስረድቷል። ከምሳሌዎቹ ሁሉ የታወቀው የባለቤቱ ምሳሌ ነው። ባለቤቱ ከሸቀጣ ሸቀጥ መደብር የገዛችውን የሴቶች ካልሲ እጅግ መውደዷን ሲያይ አምራቹን ኩባንያ ማጥናት ጀመረ።

ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ግማሹ እየወደቀ መጥቷል። ሊንች ካልሲው ስለተወደደ ብቻ አክሲዮን ግዙ አላለም። የኩባንያውን ሒሳብ አገላብጧል፤ ተወዳዳሪ ምርት ብቅ ሲልም ገዝቶ ለባልደረቦቹ አከፋፍሎ አስሞክሯል። ለእርሱ የባለቤቱ ምርጫ የጥናቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። ምክሩን የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ ገንዘብ የሚያድነው ሁለተኛው ግማሽ ነውና።

ደንበኛው ከስልኩ ምን ሊማር ይችላል?

በጥንቃቄ ለሚያስተውል ሰው የራሱና የቤተሰቡ የስልክ አጠቃቀም ብዙ ይናገራል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በአንድ ስልክ ሁለት ሲም መያዝ የተለመደ ሆኗል። አንዱ ለጥሪ፣ ሌላው ለኢንተርኔት ይውላል፤ ወይም አንዱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የቆየ ቁጥር ሆኖ ሌላው ርካሽ ጥቅል በተገኘ ጊዜ ብቻ ይሞላል። ይህን ያስተዋለ ደንበኛ በኩባንያዎች መግለጫ ላይ "ይህን ያህል ሚሊዮን ደንበኛ" የሚለውን ቁጥር ሲያነብ ትክክለኛውን ጥያቄ ለማንሳት ዝግጁ ነው። የሚቆጠረው ሲም እንጂ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው በሁለቱም ኩባንያዎች መዝገብ ላይ ደንበኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ዋናው ነገር ቁጥሩ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን እያንዳንዱ ሲም በአማካይ በወር ምን ያህል ገቢ ያስገኛል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ኪስ የሚያገኝ ሰው ጥሩ መነሻ ይዟል።

ሁለተኛው ምልክት ወጪው ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአየር ሰዓት ይሞላ የነበረው በዋነኛነት ለድምፅ ጥሪ ነበር። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በሪያድ የሚኖር ዘመድ ቤተሰቡን ለማነጋገር የስልክ ካርድ ይገዛ ነበር። ዛሬ ያው ዘመድ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ይደውላል፤ በምስል እየተያዩም ለረጅም ሰዓት ይጨዋወታሉ። ለደንበኛው ይህ ታላቅ እፎይታ ነው። ለኩባንያው ባለድርሻ ግን አንድ ጥሩ የገቢ ምንጭ እየሳሳ፣ በምትኩ በርካሽ የሚሸጥና ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ የኢንተርኔት አገልግሎት እየጨመረ መሄዱን ያመለክታል። ተመሳሳይ ልማድ ለአንዱ መልካም ዜና፣ ለሌላው ደግሞ ጥያቄ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ያሻል።

ሦስተኛው ምልክት የክፍያ አገልግሎቱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደንበኛው የመብራት፣ የውኃ፣ የትራንስፖርትና የመንግሥት አገልግሎት ክፍያዎችን በስልኩ ይፈጽማል። ይህ አገልግሎት ሰውን ከኩባንያው ጋር የሚያስተሳስር ኃይል አለው፤ ገንዘቡ፣ ብድሩና የክፍያ ታሪኩ ያለበትን ሲም በቀላሉ የሚጥል ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም እዚህም መለየት የሚገባው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም ተደርጓል፤ በዚህ ምክንያት አገልግሎቱን የሚጠቀም አሽከርካሪ ሁሉ ወድዶ መርጦታል ማለት አይቻልም። በምርጫ የመጣ ልማድና በደንብ የመጣ ልማድ ለወደፊቱ ገቢ ያላቸው ትርጉም አንድ አይደለም። ደንቡ ቢለወጥ ወይም ለሌሎች የክፍያ አቅራቢዎች እኩል በር ቢከፈት የትኛው ልማድ ይቀጥላል ብሎ ራስን መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ከስልክ የሚገኝ ዕውቀት ሲሆን አንድ ድካም አለበት፤ የአንድ ሰው ዕውቀት ነው። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ የሚኖር ወጣት የሚያየው የኔትወርክ ፍጥነትና በመንዝ ወይም በጋሞ ደጋ የሚኖር አርሶ አደር የሚያየው ይለያያል። የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ሁሉ አዲስ ሲም ስለገዙ አገሩ ሁሉ ኩባንያ እየቀየረ ነው ብሎ መደምደም፣ በአንድ ሰፈር የዘነበን ዝናብ ይዞ የክረምቱን መጠን እንደመገመት ይሆናል።

ከስልኩ የማይታየው

በመጀመሪያ ደረጃ ደንበኛው የሚያየው አገልግሎት ከሚሸጠው አክሲዮን ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ሲም የሚጠቀምና በአገልግሎቱ የሚደሰት ሰው የዚህን ኩባንያ አክሲዮን በኢትዮጵያ ውስጥ ሄዶ ሊገዛ አይችልም። ኩባንያው በኬንያው ሳፋሪኮም፣ በቮዳኮም፣ በጃፓኑ ሱሚቶሞና በእንግሊዝ የልማት ፋይናንስ ተቋም ጥምረት የተቋቋመ ነው። በገበያ የሚሸጠው በናይሮቢ የተመዘገበው የወላጅ ኩባንያው አክሲዮን ሲሆን፣ ያንን የሚገዛ ሰው በዋነኛነት የሚገዛው የኬንያን ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያው ከፊሉ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ አገር ገበያ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። ስለዚህ "ይህን ኩባንያ እወደዋለሁ" ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "የሚሸጥልኝ አክሲዮን የየትኛው ድርጅት ነው?" የሚለው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ከደንበኛው ዓይን የተሰወረ ነገር የኔትወርክ ወጪ ነው። የቴሌኮም ሥራ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ብዙ ገንዘብ ይበላል። ማማው ይቆማል፤ የፋይበር መስመሩ ይዘረጋል፤ ጀነሬተሩና ባትሪው ይገዛል፤ አንዱ የቴክኖሎጂ ትውልድ ዋጋውን ሳይመልስ ሌላው ይመጣል። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዕዳው በዶላር ነው፤ ገቢው ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። በዚያን ወቅት የስልክ ተጠቃሚው ያስተዋለው የተለየ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ጥሪው ይገባል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል። በናይሮቢ ግን የሳፋሪኮም የግማሽ ዓመት ትርፍ ሲቀንስ ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ የብር ምንዛሪ ለውጥ በኢትዮጵያ ሥራው ላይ ያስከተለው ኪሳራ ነበር። ሱቁ ሙሉ፣ ኔትወርኩ ጥሩ፣ ደንበኛው ብዙ ሆኖ ሒሳቡ ግን ቀይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የገቢ ዕድገት ቁጥርም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር፣ በ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ብር ገቢ ማግኘቱን ገልጿል። ዕድገቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን በመካከሉ የምንዛሪ ለውጥና የታሪፍ ማስተካከያ መኖሩን የሚያውቅ አንባቢ፣ ከዕድገቱ ምን ያህሉ ከአዲስ አገልግሎት፣ ምን ያህሉ ከብር የመግዛት አቅም መቀነስ እንደመጣ መለየት ይፈልጋል። መልሱ በስልኩ ላይ ሳይሆን በሒሳብ መግለጫው ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ዋጋን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። የቴሌኮም ዘርፉ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። ባለሥልጣኑ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ውድድር፣ ስለ መሠረተ ልማት መጋራትና ኩባንያዎች በኔትወርኮቻቸው መካከል ለሚያልፍ ጥሪ ስለሚከፋፈሉት ክፍያ የሚያወጣው መመሪያ የኩባንያዎችን ትርፍ ይነካል። በሌላ በኩል የኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ 10 በመቶው ቢሸጥ እንኳ 90 በመቶው በመንግሥት እጅ ይቆያል። መንግሥት እንደ ባለቤት ትርፍ ይጠብቃል፤ አገልግሎቱ ለሁሉም ዜጋ በአቅሙ እንዲደርስም ይፈልጋል። ሁለቱ ፍላጎቶች ሁልጊዜ አይጋጩም፤ ሲጋጩ ግን 33 አክሲዮን ያለው ሰው ድምፅ ውሳኔውን አይቀይርም። ይህን አስቀድሞ አውቆ መግዛትና ሳያውቁ ገዝቶ በኋላ ማዘን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የኬንያ ተሞክሮ

በዚህ ጉዳይ ከጎረቤት አገር የበለጠ አስተማሪ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ከሳፋሪኮም 25 በመቶውን፣ ማለትም 10 ቢሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዳቸውን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ አቀረበ። ኩባንያው በአገሪቱ የታወቀ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት በመጋቢት 2007 የጀመረው ኤም ፔሳ የተባለ የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎትም በፍጥነት እየተስፋፋ ነበር። ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ለግዢ አመለከቱ። የተጠየቀው መጠን ከቀረበው በብዙ እጥፍ በመብለጡ አመልካቹ ያገኘው ከጠየቀው ጥቂቱን ብቻ ነበር። ከባንክ ተበድረው ያመለከቱም ነበሩ።

ግብይቱ ሰኔ 9 ቀን 2008 በናይሮቢ ሲጀመር ዋጋው ከ5 ሽልንግ በላይ ወጣ። ደስታው ግን አልቆየም። በዚያው ዓመት የዓለም የገንዘብ ቀውስ ገበያውን ሲያናጋ አክሲዮኑ ከመሸጫ ዋጋው በታች ወረደ፤ በ2009 መጀመሪያም እስከ 3 ሽልንግና ከዚያ በታች ደረሰ። በ2010 ለአጭር ጊዜ ቢያገግምም በዚያው ዓመት ተወዳዳሪ ኩባንያ የጥሪ ታሪፉን በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰና የዋጋ ፉክክር ተነሳ። አክሲዮኑ እንደገና ወደቀ። ከ5 ሽልንግ በላይ በጽናት መቆም የቻለው በ2013 ነው።

ትምህርቱ ያለው በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ በደንበኛው በኩል የሆነውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ነው። በዚያ ጊዜ ኤም ፔሳ በኬንያ ከከተማ እስከ ገጠር ተዳርሷል፤ የጥሪ ዋጋ ረክሷል፤ የደንበኞች ቁጥር አድጓል። ስለ ኩባንያው ምርት የነበራቸው ግምት ትክክል መሆኑን ደንበኞች በየቀኑ በእጃቸው ያዩ ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ ግን ከገዙበት በታች ነበር። ተበድሮ የገዛ ሰው የብድሩን ወለድ እየከፈለ ይህን ሁሉ ጊዜ መጠበቅ አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ በኪሳራ ሸጦ ይወጣል። ቸኩሎ የማያስፈልገው ገንዘብ ያስቀመጠና የታገሠ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ አክሲዮኑ በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ሆኗል። በዚያ ዋጋ አዲስ የገባ ሰው ደግሞ በ2023 ዋጋው ከ15 ሽልንግ በታች ሲወርድ አይቷል። ምርቱ በሦስቱም ጊዜ ያው ነበር። የተለያየው የገዙበት ዋጋና የመጠበቅ አቅማቸው ነው።

ነገሩ የአፍሪካ ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ዶይቼ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 በ28.50 ማርክ፣ ማለትም በ15 ዩሮ ገደማ፣ ለሕዝብ ሲቀርብ "የሕዝብ አክሲዮን" ተብሎ ነበር። በመጋቢት 2000 ከ100 ዩሮ በላይ ወጣ፤ በ2002 ደግሞ ከ10 ዩሮ በታች ወረደ። ጀርመናውያን በእነዚህ ዓመታት ስልካቸውን መጠቀም አላቆሙም።

ቀላል ስሌት

አንድ ገዢ ከመወሰኑ በፊት በወረቀት ላይ ሊሠራው የሚችለው ስሌት አስቸጋሪ አይደለም። 100 ሚሊዮን አክሲዮን የኩባንያው 10 በመቶ ከሆነ፣ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው። እያንዳንዱ 300 ብር ሲሆን ኩባንያው በሙሉ በ300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። አሁን ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ኩባንያው በአንድ ዓመት 10 ቢሊዮን ብር ለባለድርሻዎች ለማከፋፈል ወሰነ እንበል። ለአንድ አክሲዮን 10 ብር ይደርሳል፤ 33 አክሲዮን ያለው ሰው ግብር ከመቀነሱ በፊት 330 ብር ያገኛል። ይህ ከ9 ሺህ 900 ብር 3.3 በመቶ ነው። ለብዙ ዓመታት ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ በነበረው 7 በመቶ ቢቀመጥ፣ ያው ገንዘብ በዓመት 693 ብር ያስገኝ ነበር። የሚከፋፈለው ትርፍ 30 ቢሊዮን ብር ቢሆን ደግሞ ድርሻው 990 ብር ሆኖ ከባንኩ ይበልጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ትንበያ አይደሉም፤ ጥቅማቸው ጥያቄውን ወደ ተገቢው ቦታ መመለሳቸው ነው። ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ኩባንያው ምን ያህል እንዳተረፈ፣ ከትርፉ ምን ያህሉን እንደሚያከፋፍልና ምን ያህሉን ለኔትወርክ ማስፋፊያ እንደሚያስቀር ነው። በእርግጥ ትርፍ ድርሻው ብቻ አይደለም የሚታየው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ራሱ ሊጨምር ይችላል። የባንክ ቁጠባም የዋጋ ንረት ይበላዋል። ነገር ግን የዋጋ ጭማሪ ወደ ኪስ የሚገባው አክሲዮኑን የሚገዛ ሌላ ሰው ሲገኝ ነው።

ከግዢ በፊት የሚታዩ ሰነዶችና ተቋማት

በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ድርጅት የኩባንያውን ሒሳብ፣ ዕዳ፣ ሥጋትና የትርፍ ክፍፍል ፖሊሲ የሚገልጽ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ማውጣት አለበት። ሰነዱ ረጅም ነው፤ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ስለ ሥጋት የተጻፈውን ክፍል ሳያነብ ባይወስን ይመረጣል። ያ ክፍል ኩባንያው ራሱ የሚፈራውን ነገር በራሱ ቃል የጻፈበት ነው፤ በማስታወቂያ ላይ አይገኝም። ከዚያ ቀጥሎ የሦስት ዓመት የገቢ፣ የትርፍና የዕዳ አኃዞችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ደንበኛው በስልኩ ያስተዋላቸው ጥያቄዎች እዚህ ላይ መልስ ያገኛሉ፤ የድምፅ ጥሪ ገቢ ቀንሷል ወይ፣ የኢንተርኔትና የክፍያ አገልግሎት ገቢ ተክቶታል ወይ፣ የውጭ ምንዛሪ ዕዳው ስንት ነው።

አክሲዮኑን መልሶ የመሸጥ ጉዳይም አስቀድሞ መጣራት አለበት። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያም ወጋገን ባንክ ነው። ገበያው ገና ወጣት በመሆኑ በየቀኑ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው እንደ ቆዩ ገበያዎች አይበዛም። አንድ አክሲዮን በገበያው የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን፣ ለመሸጥ ምን ዓይነት ሒሳብ መክፈት እንደሚያስፈልግና የአገናኝ ክፍያው ስንት እንደሆነ ከግዢ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለሕክምና ወይም ለቤት ኪራይ በቅርብ የሚፈለግ ገንዘብ ለዚህ ዓይነት ግዢ አይመከርም፤ በብድር መግዛትም ከላይ ከተገለጸው የኬንያ ተሞክሮ አንጻር ከፍተኛ ሥጋት አለው።

አክሲዮን የሚያገናኙ፣ የሚያማክሩና ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችና ግለሰቦች ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። በቴሌግራም ቡድኖችና በማኅበራዊ ሚዲያ "የቴሌ አክሲዮን በቅናሽ እናስገዛለን"፣ "ትርፉ የተረጋገጠ ነው" እያሉ ገንዘብ በግል ሒሳብ እንዲላክላቸው የሚጠይቁ ሰዎች ሲያጋጥሙ የፈቃዳቸውን ማስረጃ ጠይቆ ከባለሥልጣኑ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፈቃድ ያለው አገናኝ ትርፍ በዋስትና ቃል አይገባም፤ የቴሌብር የይለፍ ቁጥርም አይጠይቅም።

ግዢውን በስልክ የሚፈጽም ሰው የስልክ ቁጥሩ በራሱ ስም መመዝገቡን፣ በመታወቂያው ላይ ያለው ሙሉ ስምም በአክሲዮን መዝገቡ ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ መሆኑን አስቀድሞ ቢያይ ይመረጣል። በልጅ፣ በወንድም ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም በወጣ ሲም መገልገል በአገራችን ብዙ ነው፤ ለጥሪ ችግር ባይፈጥርም የንብረት ባለቤትነት ሲመጣ ግን ያከራክራል። የግዢ ማረጋገጫ መልእክቱንና ደረሰኙን አትሞ ከሌሎች የቤተሰብ ሰነዶች ጋር ማስቀመጥ፣ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለቅርብ ቤተሰብም ማሳወቅ በኋላ በውርስ ወይም በስም ዝውውር ጊዜ የሚያጋጥምን ውጣ ውረድ ይቀንሳል። በአክሲዮን ሽያጭ ሒደት በደል ደርሶብኛል የሚል ገዢ አቤቱታውን ከደረሰኙ ቅጂ ጋር በመጀመሪያ ለሻጩ ድርጅት፣ ምላሽ ካላገኘም ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። የኔትወርክ ጥራትንና የታሪፍን ጉዳይ የሚመለከት ቅሬታ ግን የደንበኛ እንጂ የባለአክሲዮን ጉዳይ ስላልሆነ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።